የአስም ፍርሃቴን ላከሙልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ፣ በተለይ ስቶክሆልም ያላችሁና እንደ እኔ ከአስም ጋር የምትኖሩ። ይህን የምጽፈው በኢንተርኔት ያከሙኝን የሥነ ልቦና ባለሙያ ለማመስገን ነው። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጠራም፤ ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁን።

አስም ከልጅነቴ አብሮኝ ኖሯል። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተነሥቶብኝ ሆስፒታል ከተኛሁ በኋላ ግን ፍርሃት ተጨመረበት። ብርዱ ደረቴን ይይዘኛል ብዬ ክረምቱን ቤት መዋል፣ ደረጃ አለመውጣት፣ ሌሊት ትንፋሼን እያዳመጥኩ ማንጋት። ቬንቶሊኑ (በአፍ የሚሳበው የአስም ማስታገሻ) ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን አሥሬ ሳላይ ከበር አልወጣም ነበር። ሰው ሁሉ «ጭንቀት ነው፣ አታስቢው» ይለኛል። አየር ላጠረው ሰው ከዚህ የሚከብድ ምክር የለም።

እኚህ ባለሙያ አንድም ቀን «አስምሽ ከሐሳብ የመጣ ነው» አላሉኝም። ሕክምናው ሲጀመር መጀመሪያ የአስም ነርስ ዘንድ ሄጄ የመድኃኒት አሳሳቤ እንዲታይና አስሜ በቁጥጥር ሥር መሆኑ እንዲረጋገጥ አደረጉ። ወደ ፍርሃቱ የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ደረት መጨነቅ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ መፍጠን በአስምም በድንጋጤም ይመጣል። በዚያ ላይ ቬንቶሊን ራሱ ልብ ያስመታል፣ እጅም ያንቀጠቅጣል። ደንግጬ ቬንቶሊኑን እስባለሁ፤ ልቤ ይመታል፤ ባሰብኝ ብዬ እደግማለሁ። ለዓመታት ያልገባኝን ይህን አዙሪት ቁጭ አድርገው በጽሑፍ አሳዩኝ።

ሕክምናው አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚሠራው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው፤ እዚህ «ኮቤቴ» የሚሉት። በየሳምንቱ አዲስ ክፍል ታነባላችሁ፣ ልምምዱን በኑሯችሁ ውስጥ ትሠራላችሁ፣ ባለሙያዋ በመልእክት ይመልሱላችኋል። ዋናው ሥራ የሸሹትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ነው፦ ደረጃ መውጣት፣ ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ እስኪል መራመድ፣ ፍርሃቱ ሲመጣም ሳይሸሹ መቆየት። ቬንቶሊኑ ከእኔ አልተለየም፤ የቀረው በየደቂቃው መፈተሹ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የእጣኑን ነገር ነው። ጢሱን ፈርቼ ቡና ጥሪ መሄድም እንግዳ መጥራትም ትቼ ነበር፤ ቅዳሴም እንደዚያው። ይህን ስጽፍላቸው «ተጋፈጪው» ይሉኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። መልሳቸው ግን ጢስ የአየር ቧንቧን የምር ስለሚያስቆጣ እርሱን መራቅ ጥንቃቄ ነው፣ ከሰው መራቁ ግን የፍርሃቱ ሥራ ነው የሚል ነበር። አሁን እጣን ሳላጨስ ቡና አፈላለሁ፣ ቤቴ በሰው ይሞላል። ቤተ ክርስቲያንም በሩ አጠገብ፣ አየር ባለበት እቆማለሁ። ባህላችንን የማያውቁ ሰው ይህን ያህል ለይተው ማየታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ለአስም ሕመምተኞች ጭንቀት የተዘጋጀ እንዲህ ያለ የ8 ሳምንት ሕክምና እዚሁ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በሆነው በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በጥናት ተፈትሿል። አስም ላይ ያተኮረው በየቦታው ስለማይገኝ ቮርድሴንትራላችሁን (ጤና ጣቢያችሁን) ወይም የአስም ነርሳችሁን ጠይቁ። ለፓኒክ (ድንገት ለሚነሣ ከባድ ድንጋጤ) እና ለድብርት ደግሞ በስቶክሆልም ኢንተርኔትፕሲኪያትሪን የሚባል በኢንተርኔት የሚያክም ክሊኒክ አለ፤ ያለ ሐኪም ሪፈር በ1177 (የስዊድን የጤና አገልግሎት ድረ ገጽ) በኩል፣ በባንክአይዲ (የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ) ገብታችሁ ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ስዊድንኛ ማንበብና መጻፍ ይፈልጋል፤ ለአዲስ መጪዎች ይህ መሰናክል መሆኑ ያሳዝነኛል። እንግሊዝ ያላችሁ በኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ (የመንግሥት የንግግር ሕክምና አገልግሎት) ራሳችሁ ማመልከት፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

አደራ፣ ቬንቶሊን ካላስታገሠላችሁ፣ መናገር ካቃታችሁ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ፍርሃት ነው አስም ነው እያላችሁ አትቆዩ፤ ስዊድን ውስጥ 112 ደውሉ።

እኚህን ባለሙያ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ አመዘጋገቡ መጠየቅ የምትፈልጉ፣ ቅጹን አብሬያችሁ ልሞላ እችላለሁና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።