ፓትሌበር፦ አንደኛው ወይስ ሁለተኛው?

ግዙፍ ሮቦት ያለበት አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ወደድክ፣ ግን ሰዎቹም ልብህን እንዲይዙት ትፈልጋለህ። እንግዲያው ማሞሩ ኦሺ የሠራቸውን ሁለቱን የፓትሌበር ፊልሞች እይ። አንደኛው በ1989፣ ሁለተኛው በ1993 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው።

አንደኛው ቀለል ይላል። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው። የግንባታ ሮቦቶቹን ሶፍትዌር የጻፈው ሰውዬ ገና ፊልሙ ሲጀምር ራሱን ከከፍታ ይወረውራል፣ ከዚያ ሮቦቶቹ ሰው ሳያዛቸው ማበድ ይጀምራሉ። ፖሊሷ ኖአ ደግሞ የምትነዳውን ሮቦት በልጅነት ውሻዋ ስም አልፎንስ ብላዋለች። ይቺ ትንሽ ነገር ብቻ ብረቱን ሰው ታስመስለዋለች። ውጊያ ካማረህ እዚህ በደንብ ታገኛለህ።

ሁለተኛው ግን ሌላ ዓለም ነው። የዮኮሃማ ድልድይ በሚሳኤል ይመታል፣ ቶኪዮ ውስጥ ወታደር ይሰፍራል፣ በረዶ ይወርዳል። ሮቦት እምብዛም አይታይም፤ ለዚህ የሚያማርሩ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ምክንያቱም ታሪኩ የፖሊስ አዛዧ የናጉሞ ነው፣ የምታሳድደው ሰው ድሮ የወደደችው ነው፣ የሥራ ባልደረባዋ ጎቶ ደግሞ ለእሷ ያለውን ስሜት ዋጥ አድርጎ አጠገቧ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ለዚያ ለምታሳድደው ሰው ካቴናውን ስታስርለት ፊቷን ተወውና እጃቸውን ብቻ ተመልከት። ጣቶቻቸው ይጠላለፋሉ። አንድም ቃል የለም።

ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ግን በአንደኛው ጀምር፣ ጎቶንና ናጉሞን ሳታውቅ ያ የእጅ ትዕይንት ግማሹ ያመልጥሃል።