የአባቴን ፔጆ ጤና ለመለሱልን የሳቢያን ማርሚታ ሠሪ

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትነዱ። ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አባታችን ትቶልን ያለፈው ፔጆ 404 አለን። የ1969 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ሐረር ላይ በ404 ታክሲ ያልተሳፈረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፈረንሳዮች ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምረው ያመረቱት፣ 1,618 ሲሲ ሞተሩ ኮፈኑ ስር 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ የተቀመጠ መኪና ነው። እናቴ ከእሱ ሌላ መኪና አትወድም። ሐረር እህቷ ጋ ስትሄድ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ መስኮቱ ስር ትቀመጣለች። ድሮም ቦታዋ እሱ ነው።

አምና ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ፣ ተበሳ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። የመሀሉን ማርሚታ ቆርጠው ጣሉና ቀጥ ያለ ቱቦ በየዱበት። «እንዲያውም ሞተሩ ይተነፍሳል» አሉኝ። አመንኳቸው።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ፈተና ሆነ። ደንገጎን ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ ይጮኻል፣ ያ ምንም አይደል። ዳገቱን ጨርሰን የሐረማያ ሜዳ ላይ 70፣ 75 ስንገባ ግን ኡምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ውስጡን ይሞላዋል። ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። መስኮት ብዘጋም ብከፍትም ያው። ፍጥነት ስጨምር ይለቃል፣ ስቀንስም ይለቃል፤ ግን በዚያ መንገድ ደህና የሚያስኬደው ፍጥነት እሱ ነው። እናቴ አወዳይ ሳንደርስ ግንባሯን በሻሿ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። አንድ ቀን «ልጄ፣ እኔ በሚኒባስ ልሂድ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ወዳለ ማርሚታ ሠሪ የጠቆመኝ አንድ የሐረር ባለታክሲ ነው። ማርሚታ ሠሪው ትልቅ ሰው ናቸው። ብየዳ የተማሩት በልጅነታቸው ከምድር ባቡር ዎርክሾፕ ሠራተኞች ነው። ድሬ እኮ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የብረት ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናውን ሳቆም መፍቻ ያነሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። «እናትህ የት ነው የምትቀመጠው?» አሉኝ። በቀኝ በኩል አልኳቸው። ቦታዋ ላይ ተቀመጡና «በል ንዳ» አሉ። በመልካ ጀብዱ መንገድ ወጣን። ድምፁ ሲመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን አንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዴ በሩ ላይ፣ አንዴ ከወንበሩ ጀርባ ያሳርፋሉ። ስልካቸው ላይ ድምፅ የሚለካ አፕ አላቸው፤ ወደ 90 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ምት፣ አሳየ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። 90 ምት በሰከንድ ማለት 2,700 ዙር በደቂቃ ነው። የሞተሩ ምትና የመኪናው ሆድ እዚያ ላይ ሲገጥሙ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ያንን ምት ይውጥ የነበረው የመሀሉ ማርሚታ ነበር። እኛ አውጥተን ጣልነው።

ስንመለስ ግን መጀመሪያ የያዙት ነገር ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሞተሩን አስነስተው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ አፈኑና ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከፊት፣ ቱቦው ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት፣ ጽስ የሚል ድምፅ ወጣ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል። ቀጥለው ከኪሳቸው የ10 ብር ኖት አውጥተው የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ላይ አስያዙትና ዘጉት። ኖቱን ሲስቡት ያለ ምንም ትግል ወጣ። በአራት ቦታ ሞከሩት፣ በሦስቱ ወጣ። ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ ሞቷል ማለት ነው።

«ልጄ፣ እናትህን የሚያማት ድምፁ ብቻ ላይሆን ይችላል» አሉኝ። መኪና ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ሲብስም ይገድላል። እሷ ደግሞ ከኋላ ናት። ቃል አጠረኝ። ድምፁን እንዲያጠፉልኝ ሄጄ፣ ማንም ያላየልኝን አዩልኝ።

«አብሽር፣ ይድናል» አሉና ሥራ ጀመሩ። ጓርኒሲዮኑንና የክዳኑን ጎማ ቀየሩ። ከዚያ ቱቦውን ያንጠለጠለውን አሳዩኝ፤ የፊተኛው ጋራዥ ሰዎች በሽቦ ነበር ያሰሩት። ሽቦ የቱቦውን ንዝረት እንዳለ ለወለሉ ያስረክባል። አንዱ ጋ ቱቦው ራሱ ላሜራውን ነክቶ ቀለሙን ልጦታል። ጋሼ ከአሮጌ ጎማ ማንጠልጠያ ቆርጠው፣ ከትኩሱ ቦታ አራቅ አድርገው ሰቀሉት። አሁን ቱቦውን በእጅ ብትገፉት ይወዛወዛል እንጂ ወለሉን አይነካም።

የመሀሉን ማርሚታ በእጃቸው ሠሩት። ከመዝጋታቸው በፊት ጠርተው ውስጡን አሳዩኝ፤ መሀሉ የተበሳሳ ቱቦ፣ ዙሪያው ሙቀት የሚችል ጥጥ መሳይ ነገር የታጨቀበት። ተገጠመ፣ ነዳን። ድምፁ ግማሽ ያህል ቀነሰ። እኔ ይበቃኛል አልኩ። እሳቸው አልበቃቸውም።

በማግስቱ ከዋናው ቱቦ ጎን ጫፉ የተደፈነ ሌላ ቱቦ ቀጠሉበት። ጭስ አያልፍበትም፤ ድምፅ ነው የሚገባበት። ድምፁ ገብቶ ከጫፉ ይመለሳል፣ ሲመለስ ግማሽ ሞገድ ዘግይቷል። ዋናው ሲገፋ እሱ ይስባል፣ ይጣፋሉ። ቁም ነገሩ ርዝመቱ ላይ ነው፤ የሞገዱ ሩብ መሆን አለበት። በቀዝቃዛ አየር ቢሰላ ለ90 ኸርዝ 95 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ድምፅ በትኩስ ጭስ ውስጥ ስለሚፈጥን ግን ወደ 1 ሜትር ከ20 ይሄዳል። ጫፉን ሳይበይዱ፣ ወጣ ገባ እንዲል አድርገው ሦስቴ ነዳን። በየመሀሉ ሁለት ሦስት ጣት እየገፉ ያሳጥሩታል። ዋሽንት የሚቃኙ ነው የሚመስሉት። በሦስተኛው ላይ 75 ደረስን፣ ኡምታው አልመጣም። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ በጣታቸው የመኪናውን በር ጠቅ አድርገው «አሁን ይበየድ» አሉ።

ወለሉን በሙሉ ድምፅ መከላከያ ላልብሰው ብዬ ጠይቄ ነበር። ቢፈልጉ ይሸጡልኝ ነበር። ግን ሞኬቱን አንስተው በጣታቸው እያንኳኩ፣ ጥንን የሚለው ቦታ ላይ ብቻ ለጠፉ፤ ድብ የሚለውን ተዉት። ለጣሪያ የሚሆን ቅጥራን እንዳልለጥፍም መከሩኝ። በድሬ ሙቀት ይቀልጣል፣ መኪናውም ይሸታል።

ሦስት ቀን ፈጀ። የጠየቁኝ ሒሳብ ሌላ ቦታ ከተነገረኝ ግማሽ አይሞላም። በሦስተኛ ማርሽ 50 ላይ ትንሽ ጉርምርምታ እንደምትቀር አስቀድመው ነግረውኛል፣ ቀርታለችም። መቸኮል የሚወድ ሰው አይሂድ። ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፣ ያውም በጠዋት። ቀትር ላይ ይዘጋሉ፤ የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ሐረር ወጣሁ። ሐረማያ ሜዳ ላይ ስለ እህቷ ልጅ ሰርግ ታወራኝ ጀመር፣ በዚያች ቀስ ባለች ድምፅዋ። ሁሉንም ሰማሁት። ሻሿ ትከሻዋ ላይ እንደሆነ ደረስን።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እድሜና ጤና ይስጥዎት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በራቸው እመራችኋለሁ። የሐረር ባለ 404ዎች ደግሞ ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩልኝ፤ ማርሚታችሁ የተንጠለጠለው በሽቦ ነው ወይስ በጎማ?