«ሙሉ በሙሉ የተሻሻለ» ቡልፐፕ ገዝቼ የደረሰብኝ፤ እናንተ እንዳትሸወዱ

ያገለገለ ቡልፐፕ ጠመንጃ ለመግዛት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የሸጠልኝን ሰው አምኜ ገንዘቤን አጥቻለሁ። ገንዘቡስ ይሁን። ዓይኔን ላጣ እችል ነበር።

ሻጩ ጨዋ ሰው ነው የሚመስለው። ፈቃዱ የተሟላ፣ ወረቀቱ ንጹህ። ማስታወቂያው ላይ «ሙሉ በሙሉ የተሻሻለ፣ ቃታው የቀለለ፣ አንድም ቀን ጥይት ተቀርቅሮበት የማያውቅ» ብሎ ጽፏል። ኢላማ መተኮሻ ሜዳ ወስዶ አንድ ካዝና፣ 30 ጥይት አስተኮሰኝ። አንዱም አልከሸፈም። ላዩ ላይ አዲስ መነጽር ተገጥሞለታል። ዓይኔ ሞላ። ዋጋው ከአዲሱም ይበልጣል፤ ለምን ስለው «የተቀየረለትን ዕቃ ደምረው» አለኝ። ደመርኩ። ከፈልኩ።

ቡልፐፕን በቅርብ ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በተለመደው ጠመንጃ ካዝናው ከቃታው ፊት ነው። በቡልፐፕ ግን ካዝናውም፣ ጥይቱ የሚፈነዳበት ክፍልም ከቃታው ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ አፈሙዙ ሳይቆረጥ ጠመንጃው ያጥራል። የኦስትሪያው ስቴየር አውግ 508 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ይዞ ጠቅላላ ርዝመቱ 790 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ያንኑ ያህል አፈሙዝ ያለው፣ በተለመደው ቅርጽ የተሠራው ኤም 16 ጠመንጃ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እኔም የወደድኩት ለዚህ ነው፤ አሁንም እወደዋለሁ። የኦስትሪያ ጦር አውግን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በደንብ የተሠራ ቡልፐፕ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ጥሌ ከቡልፐፕ ጋር ሳይሆን «አሻሻልኩት» ብለው ከሚሸጡት ጋር ነው።

የማጠሩ ዕዳ ግን አለ። ጣታችሁ ያለው ፊት ነው፤ ጥይቱን የሚለኩሰውን መርፌ የሚመታው መዶሻ ያለው ኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው በካዝናው ጎን የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉ ይለመጣል፣ ይፋተጋል። ስለዚህ የብዙ ቡልፐፕ ቃታ ከፋብሪካ ሲወጣም ከበድ፣ ደንዘዝ ያለ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሊያሻሽለው የሚሮጠውም እሱን ነው። ሁለተኛው ዕዳ ጉንጫችሁ ነው። ስታነጣጥሩ ጉንጫችሁ የሚያርፈው ጥይቱ ከሚፈነዳበት ክፍል አጠገብ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት 200 ጥይት ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ካዝና ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ቃታውን ሳብኩ፤ «ቀጭ» አለና ዝም። አፈሙዙን ከኢላማው ሳላነሳ ጉንጬን ከሰደፉ አራቅሁና 30 ሰከንድ ጠበቅሁ። የዘገየ ጥይት ድንገት ሊፈነዳ ይችላልና ይህን መቼም እንዳትዘሉት፤ ቡልፐፕ ላይ ደግሞ በተለይ። ጥይቱን አውጥቼ ቂጡን አየሁት። መሀል ላይ ያለችውን ክብ መለኮሻ መርፌው ነካ አድርጓታል እንጂ አልወጋትም። በደህና የተተኮሱትንም ቀለሃዎች ከመሬት ለቅሜ ከጎኗ ደረደርኳቸው። የእነሱም ጠባሳ ጥልቀት የለውም። የተተኮሱት ሁሉ ለጥቂት ነበር የተተኮሱት።

ምናልባት ጥይቱ ይሆናል ብዬ የሌላ ፋብሪካ ጥይት ሞከርኩ። ያው ነው። ቀኑ ሲያልቅ ዘጠኝ ጥይት ከሽፏል፤ ሦስት ቀለሃ ደግሞ ሳይወጣ ተቀርቅሯል።

ጠመንጃ የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት። ሲፈታው አጠገቡ ቆሜ ነበር። «የቀለለ ቃታ» የተባለው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የመዶሻው ሞላ ወጥቶ በደካማ ሞላ ተተክቷል። ሞላው ሲደክም ቃታው ይቀላል፤ መዶሻውም አብሮ አቅም ያጣል። ደህና ሠሪ ቢነካው ኖሮ የዘንጉን ፍትጊያ ነበር የሚቀንሰው። ይሄኛው አቋራጭ ፈልጓል። በዚህም አልበቃው፤ የተወጠረውን መዶሻ ይዞ የሚያቆመውን ጥርስ በሞረድ ፍቆታል።

ባለሙያው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ፤ እኔንም አሳየኝ። ከዚያ መዶሻውን ወጥሮ ሰደፉን በላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው። ቃታውን ማንም አልነካም። ሦስተኛው ላይ «ቀጭ» አለ።

ሁለታችንም ዝም አልን። ጥይት ጎርሶ ሰደፉ መሬት ቢነካ ኖሮ ሊተኩስ ነበር ማለት ነው። ያን ጠመንጃ ይዤ ሜዳ ላይ አጠገቤ ሰው ቆሞ ነበር።

ጋዙንም አልተዉትም። ጠመንጃው የሚሠራው ከአፈሙዙ በምትወጣ ትንሽ ጋዝ ነው፤ እሷ ናት የኋላውን ብረት፣ መቀርቀሪያውን፣ ገፍታ ቀለሃውን የምታስወጣው። ሻጩ የጋዝ መቆጣጠሪያውን ከመጨረሻው አስፍቶ ከፍቶታል። ደካማ ወይም ቆሻሻ የሆነ ጠመንጃ ለአንድ ቀን ጥሩ እንዲመስል የሚደረግ ነገር ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን ብረቱ ቀለሃውን ግፊቱ ሳይበርድ ቶሎ ይጎትተዋል። የለቀምኳቸውን ቀለሃዎች ባለሙያው በጥፍሩ እየዳሰሰ አሳየኝ። የቂጣቸው ጠርዝ ጎብጧል፤ አንዱ ላይ ተሸርፏል። ቀለሃ በዚህ ሁኔታ ተቀደደ ማለት የጋለ ጋዝና የብረት ስባሪ ጉንጬ ካለበት ይወጣል ማለት ነው። ዓይኔን ላጣ እችል ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 30ዎቹ ጥይቶች ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነውና። «አንድ ካዝና ተኩሼ አልከሸፈም» የሚለው ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ለዚህ የታወቀ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ነገር ደጋግማችሁ ሞክራችሁ አንዴም ካልተበላሸ፣ 3ን ለሙከራው ብዛት አካፍሉ። 95 በመቶ እርግጠኛ ሆናችሁ መናገር የምትችሉት የብልሽቱ መጠን ከዚያ አይበልጥም ብላችሁ ነው። 3 ለ30 ሲካፈል 10 በመቶ ነው። ማለትም ከአሥር አንድ የሚከሽፍ ጠመንጃም 30 ጥይት በደህና ሊተኩስ ይችላል። 300 ጥይት ያለ እንከን ሲተኮስ ገና ከመቶ አንድ ላይ ናችሁ። እሱም በአንድ ዓይነት ጥይት፣ በአንድ ካዝና፣ በንጹህ ጠመንጃ ከሆነ ብዙም አይነግራችሁም። ካዝና ቀያይሩ። የጥይት ዓይነት ቀያይሩ። ሳታጸዱትም ተኩሱበት።

ማሻሻል በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። የብሪታንያው ኤል 85 ቡልፐፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በአሸዋው ውስጥ ክፉኛ አስቸገረ። ወታደሩ እየሮጠ ልብሱ ወይም ትጥቁ የካዝና መልቀቂያውን ሲነካው ካዝናው ወልቆ ይወድቅ ነበር። በኋላ ሄክለር ኡንድ ኮህ የተባለው የጀርመን ኩባንያ አሻሻለው፤ ውጤቱም ኤል 85 ኤ 2 ተባለ። ልብ በሉልኝ፣ አንድ ሞላ ቀይረው አልተዉትም። መቀርቀሪያው፣ ቀለሃ መጎተቻው፣ መዶሻው፣ የጋዝ ክፍሉ፣ ካዝናው ሁሉ አንድ ላይ ታይቶ ተቀየረ፤ ከዚያ በከባድ ሁኔታ ተፈተነ። ምክንያቱም አንዱን ስትነኩ ሌላው ይናጋል። ሞላ አድክሞ፣ ጥርስ ፍቆ፣ ጋዝ ከፍቶ «አሻሻልኩት» ማለት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ስለዚህ ስትገዙ የተቀየረው ዕቃ ዝርዝር ዋጋ እንዲያስጨምራችሁ አትፍቀዱ። እያንዳንዱ ቅያሬ አንድ ጥያቄ ነው። ለምን ተቀየረ? ማን ገጠመው? የፋብሪካው ዕቃ የት አለ? የመጨረሻው ጥያቄ እኔን ያድነኝ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያወጣውን ዕቃ አይጥልም፤ በላስቲክ አስሮ ያስቀምጠዋል፤ ሲሸጥም አብሮ ይሰጣል። የእኔ ሻጭ «ጠፋብኝ» አለኝና ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

በግራ እጃችሁ የምትተኩሱ ከሆነ ደግሞ «ለሁለቱም እጅ ይሆናል» ሲሏችሁ ቃሉን አትመኑ። የቀለሃ መውጫው በቀኝ የሆነ ቡልፐፕ በግራ ትከሻ ሲተኮስ ቀለሃውን ፊታችሁ ላይ ነው የሚወረውረው። አውግን የመሰሉት ወደ ግራ ይቀየራሉ፤ ግን የግራ መቀርቀሪያ ያስፈልጋቸዋል። መቀርቀሪያውን በእጃችሁ ያዙት።

ከክፍያ በፊት ባለሙያ ይፍታው። ሻጩ «ለምን ታስፈታዋለህ፣ እኔን አታምነኝም?» ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ሲተኮስ የወደቀውን ቀለሃ ራሳችሁ ልቀሙ፤ የመርፌውን ጠባሳና የጠርዙን ሁኔታ እዩ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፣ እኔ ግን አላደረግኩትም።

ለሻጩ ደውዬ የተገኘውን ሁሉ ነገርኩት። «ስትወስደው ይሠራ ነበር» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም። የቃታውን ክፍል ሙሉውን፣ ከነመዶሻው ከፋብሪካው አዝዣለሁ። ባለሙያው ራሱ ይገጥመዋል፤ ጋዙም ወደ ቦታው ይመለሳል። እስከዚያው ጠመንጃው ተፈትቶ፣ የተሞረደችው ጥርስ ለብቻዋ በፌስታል ተጠቅልላ፣ ሁሉም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ባለፈው ሳምንት ያው ሰው ሌላ ቡልፐፕ ለሽያጭ አውጥቷል። «ቃታው የቀለለ» ይላል።