«አልኒኮ 5፣ በእጅ የተጠመጠመ» የሚል የጊታር ፒክአፕ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ገልብጡት

ለስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ሦስት ሦስት እየተደረጉ በዚህ ስም ከሚሸጡት ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይሩ፣ በማግኔት ዙሪያ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ክፍሎች) መካከል ማግኔታቸው አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ሳይሆን ሴራሚክ የሆኑ አሉ። ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። ከሥሩ ጠፍጣፋ ጥቁር ግራጫ ማግኔት ተለጥፎ ካያችሁ፣ ላይ የሚታዩት ስድስት ዘንጎች ተራ ብረት ናቸው። በአልኒኮው ግን ዘንጎቹ ራሳቸው ማግኔት ስለሆኑ ከሥር የሚለጠፍ ነገር የለም። ሻጩ የሥሩን ፎቶ አልልክም ካለ ተዉት።

ሴራሚክ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ዲስቶርሽን (የተሰበረ፣ ሻካራ የጊታር ድምፅ) ለሚወድ ሰው እንዲያውም ይስማማል። ማጭበርበሩ በአልኒኮ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። የድምፅ ልዩነትም አለው፦ የብረት ዘንግ የኮይሉን (የተጠመጠመውን ሽቦ) ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የመቃወም ባሕርዩን፣ ከአልኒኮ ዘንግ ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፣ ሬዞናንሱ (ፒክአፑ በጣም ጎልቶ የሚያሰማው የድምፅ ከፍታ) ወደ ታች ይወርዳል፣ ከስትራት የሚጠበቀው ቃጭል መሰል ጥራት ይደፈናል።

ሁለተኛው ወጥመድ የኦም ቁጥር፣ ማለትም የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ልኬት ነው። «ኦሙ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበተኛ ነው» ሲሏችሁ የሽቦውን ቁጥር ጠይቁ። በ42 ቁጥር ሽቦ፣ ማለትም 0.063 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ 8,000 ዙር ገደማ የተጠመጠመ ስትራት 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ይለካል። ያንኑ ዙር 0.056 ሚሊሜትር በሆነው በ43 ቁጥር ብትጠመጥሙት ንባቡ ወደ ሩብ የሚጠጋ ይጨምራል፤ ዙሩ ግን አልጨመረም፣ ጉልበቱም እንደዚያው። ሙቀት ብቻውን እንኳ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት 6.00 የነበረው 6.24 ገደማ ይሆናል። ስትለኩ ፒክአፑ ከጊታሩ የቮልዩም መቆጣጠሪያ ጋር ያልተያያዘ ይሁን፣ አለበለዚያ ንባቡ ዝቅ ይላል። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል።

«በእጅ የተጠመጠመ» የሚለውማ ማረጋገጫ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ቦቢኑን (ሽቦው የሚጠመጠምበትን አካል) የሚያሽከረክረው ሞተር ነው፤ እጅ ሽቦውን ብቻ ይመራል። ሽቦው ሳይደረደር ተበታትኖ ሲያርፍ በዙሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ክምችት) ይቀንሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይከፈታል። ትንሽ ነው ያልነው፤ ለዚህ ቃል ብቻ እጥፍ አትክፈሉ። ላልቶ ተጠምጥሞ ሰም ያልጠጣ ኮይል ደግሞ አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ይጮኻል። የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የምልክት ማጉያ) ጨምራችሁ ሽፋኑን በጥፍር መታ አድርጉት፤ ማይክሮፎን የመታችሁ ያህል ከጮኸ ሰሙ የለም ወይም አልገባም። አራት እጅ ፓራፊን ከአንድ እጅ የንብ ሰም ጋር በ65 ዲግሪ አካባቢ አቅልጦ መንከር ያድነዋል፤ ግን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይሆንም፣ ሙቀቱ ካለፈ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

የመሀከለኛው ፒክአፕ ተገላቢጦሽ ነው (ማግኔቱም አጠማጠሙም ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው) ከተባለ ኮምፓስ አቅርቡለት። ሁለቱ የጎን ፒክአፖች የሚስቡት የመርፌ ጫፍ አንድ ሆኖ፣ መሀሉ ሌላኛውን መሳብ አለበት። ሦስቱም አንዱን ጫፍ ከሳቡ፣ መሀሉ ከአንዱ የጎን ፒክአፕ ጋር አብሮ በሚሠራባቸው በስዊቹ 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ የመብራቱ የ50 ኸርዝ እምምታ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ፒክአፑ ከመበየዱ በፊት ይለቅ፤ ሽቦው ከተቆረጠ ወይም ከተበየደ በኋላ ብዙ ሻጭ አይቀበልም፣ በሰው እጅ ከውጭ የመጣ ዕቃ ደግሞ ሳይበየድም መመለሻው አስቸጋሪ ነው።