የልጄን አንገትና የራስ ቅል በጎጃም ያስመረመርኩባቸው ቦታዎች

ከካናዳ ወደ ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ለመጠየቅ በሄድኩበት ወቅት፣ የአምስት ወር ወንድ ልጄን አንገትና የራስ ቅል ለማስመርመር በከተማው አንድ ጤና ጣቢያ፣ በባሕር ዳር ደግሞ አንድ የግል የምስል ምርመራ ማእከል፣ አንድ የሕፃናት ሐኪምና አንድ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ተጠቅሜያለሁ። ልጄ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ጋደል አድርጎ አገጩን ወደ ግራ ያዞራል፤ በስተግራ ያለው የኋላ ራሱም ጠፍጠፍ ብሏል። ተመሳሳይ ጉዳይ ኖሯቸው ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ወላጆች ምን እንደሚጠብቃቸው እንዲያውቁ አገልግሎቶቹን እንዳየኋቸው እገመግማለሁ።

ጤና ጣቢያው ካርድ ለማውጣት ረጅም ተራ የሚያስጠብቅ ቢሆንም፣ ያገኘኋት ነርስ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ነበረች። የራሱን ዙሪያ ከቅንድቡ በላይና ከኋላ በጣም በወጣው ክፍል በኩል በሜትር ለክታ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ መዘገበች፤ እርግብግቢቱን የዳሰሰችው ደግሞ ልጁ ቁጭ ብሎና ለቅሶውን አቁሞ ሳለ ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም የሚያለቅስ ወይም የተጋደመ ሕፃን እርግብግቢት ያለምንም ሕመም ሊወጠር ስለሚችል ልዩነት አለው። የራሱ መጠን ከእድሜው ጋር እንደሚመጣጠንና በጭንቅላት ውስጥ ውኃ የመጠራቀም ምልክት እንዳላየች ነግራኝ፣ የሕፃናት ሐኪም እንዲያየው የሪፈር ወረቀት ጻፈችልኝ።

የግል የምስል ምርመራ ማእከሉን ግን አልመክርም። ልጁን ማንም ሳይነካው፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት ተሰጥቶት የጭንቅላት ሲቲ ስካን እንዲነሳ ሐሳብ ቀረበልኝ፤ ዋጋውም ወዲያው ተነገረኝ። ሲቲ ስካን የራስ ቅል አጥንቶች መጋጠሚያዎች ያለጊዜያቸው ተዘግተዋል ተብሎ ሲጠረጠር ጠቃሚ ምርመራ ነው። ሆኖም በማደግ ላይ ላለ አንጎል ጨረር ነውና፣ በዓይንና በእጅ ሊለይ የሚችልን ነገር በእርሱ መጀመር ተገቢ አይደለም። ምርመራውን ሳላስደርግ ወጣሁ።

የጉዞዬን ዋጋ ያስገኘልኝ የሕፃናት ሐኪሙ ነው። ልጁን አስወልቆ ጭኔ ላይ ካስቀመጠው በኋላ ከበላዩ ቆሞ የራሱን ቅርጽ ከላይ ወደ ታች ተመለከተ። ጠፍጣፋው በኩል ያለው ጆሮና ግንባር ወደ ፊት ገፋ ማለታቸውን፣ ይህም ራሱን ከላይ ሲያዩት አራቱ ማዕዘኖቹ የተንጋደዱ እንደሚያስመስለው ካሳየኝ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ቅርጽ በአንድ ጎን አዘውትሮ ከመተኛት የሚመጣ እንደሆነ አስረዳኝ። የኋላው መጋጠሚያ ያለጊዜው ቢዘጋ ኖሮ ጆሮው ወደ ኋላና ወደ ታች ይሳብ፣ በመጋጠሚያው ላይም በጣት የሚታወቅ ጉብታ ይኖር ነበር። እንዲህ ያለው መዘጋት በአጠቃላይ ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ገደማ የሚታይ ሲሆን፣ በብዛት የሚያጋጥመው ግን ራስን ጠባብና ረጅም የሚያደርገው የመሐል መጋጠሚያ መዘጋት ነው።

ከዚያ ወደ አንገቱ ዞረ። ከጆሮ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት አጥንት የሚወርደው የቀኝ ጡንቻ አጥሮና ጠንክሮ አገኘው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ላይ እብጠት ታይቶ እንደነበርና ሲወለድ በመቀመጫው መምጣት አለመምጣቱንም ጠየቀኝ። ከዚህ ችግር ጋር የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለት አብሮ ሊኖር ስለሚችል ዳሌውን መረመረ። አንዳንድ ሕፃናት አጥርተው ለማየት ሲሉ አንገታቸውን ስለሚያጋድሉ የዓይኑንም እንቅስቃሴ በመብራት ተከታተለ። የምርመራው ውጤት በትውልድ የመጣ የአንገት ጡንቻ ማጠር፣ ማለትም ቶርቲኮሊስ፣ ያስከተለው የራስ ቅል መጠፍጠፍ ነው የሚል ሆነ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ራሱን ወደ ግራ ትከሻው ማጋደልን፣ አገጩን ወደ ቀኝ ማዞርን፣ ነቅቶ ሳለ በደረቱ ማስተኛትን፣ መጫወቻና ብርሃን በስተቀኙ ማድረግን አሠልጥናናለች። አብራኝ የነበረችው እናቴ በአገሩ ልማድ ራሱን በቅቤ እያሸች ቅርጽ ልታስይዝ ትሞክር ነበር። ባለሙያዋ እናቴን በአንቱታ እያነጋገረች፣ አጥንቱን ከመጫን ይልቅ ያን የለመደ እጃቸውን የአንገቱን ጡንቻ ለማሳሳብ፣ ማለትም ለመለጠጥ፣ እንዲያውሉት ጠየቀቻቸው፤ አንቀልባውንም አልከለከለችም፤ እንዲያውም ልጁ ሲታዘል የኋላ ራሱ ከጫና ስለሚያርፍ፣ ፊቱ ወደ ቀኝ እንዲዞር ብቻ አሳሰበች። (ካናዳ ውስጥ ማንም ስለ አንቀልባ ጠይቆኝ አያውቅም።) ለእንቅልፍ ግን በጀርባው መተኛቱ እንዲቀጥል አጥብቃ ነገረችን። ይህ ምክር በአሜሪካ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ መሰጠቱ የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል የቀነሰ ሲሆን፣ የራስ መጠፍጠፍ እንዲበዛ ግን ምክንያት ሆኗል።

ካናዳ ሳለሁ የቅርጽ ማስተካከያ ቆብ ተነግሮኝ ስለነበር ሐኪሙን ጠየቅሁት። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የራስ መጠፍጠፍ ባለባቸው 84 ሕፃናት ላይ፣ ቆቡን ያደረጉትና ያላደረጉት በሁለት ዓመታቸው ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ሐኪሙም ገንዘቤንና ጊዜዬን ለአንገቱ እንዳውል መከረኝ።

ጉድለቶችም አሉ። የተሰጠኝ ውጤት በእጅ የተጻፈ አጭር ወረቀት ሲሆን፣ የአንገቱ እንቅስቃሴም ሆነ የራሱ መዛባት በቁጥር አልሰፈረበትም፤ በካናዳ ያለው ሐኪም ለውጡን የሚያነጻጽርበት መነሻ ስለሌለው የተሟላ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ራሱንም ከላይ በኩል ፎቶ አንሡ። ክፍያ በጥሬ ብር ወይም በቴሌብር እንጂ በውጭ ካርድ አይቻልም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ርቀቱ ነው። ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ከሞጣ በኩል የመጣች እናት ልጇ ዓመት አልፎት አንገቱ አሁንም የተጋደለ ሲሆን፣ በአቅራቢያዋ ፊዚዮቴራፒ ባለመኖሩ እስከዚያ ድረስ ማንም አላሳሳበውም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት በተጀመረ ማሳሳብ የአብዛኞቹ ሕፃናት አንገት ያለ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ለእርሷ ልጅ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችል ተነግሯት ወጣች።