በእጅ የምትያዝ ኦቲዲአር፦ ለኢንስፔክተር ትበቃለች፣ ለስፕላይሰር ግን አትበቃም

ድሬዳዋ ውስጥ የፋይበር ኬብል ዝርጋታ የምንቆጣጠር ሰዎች ሁለት ዓይነት ማስረጃ ይቀርብልናል። አንዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን በዓይናችን እናያለን። ሌላው ኮንትራክተሩ በፍላሽ የሚያመጣልን የኦቲዲአር (የፋይበር መለኪያ ማሽን) ውጤት ነው። በዚህኛው ላይ የሰጡንን ተቀብለን ከመፈረም ሌላ ብዙም ምርጫ አልነበረንም፤ ማሽኑም የኮንትራክተሩ፣ የሚለካውም የኮንትራክተሩ ባለሙያ። በመጨረሻ ሲመረኝ በራሴ ገንዘብ አንዲት ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ ቻይና ሠራሽ ማሽን ገዛሁ። በጋውንም ክረምቱንም ይዣት ዞሬያለሁና ልትገዙ ያሰባችሁ ስሙኝ።

ለማያውቃት ሰው፦ ኦቲዲአር በፋይበሩ አንድ ጫፍ የብርሃን ምት ትልካለች። ከመስታወቱ ውስጥ ተበትኖ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ጥቂት ብርሃን ጊዜውን ይዛ ወደ ርቀት ትቀይረዋለች። ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ መስመር፣ ትሬስ የምንለው፣ ይወጣል፤ ስፕላይስ (ስፕላይሰር የሚባለው ባለሙያ ሁለት ፋይበር የቀጠለበት) ትንሽ ደረጃ ይሠራል፣ ኮኔክተር (ተሰክቶ የሚነቀል መገናኛ) ያለበት ሽቅብ ይዘላል፣ ኬብሉ ያለቀበት ላይ መስመሩ ይወድቅና ኖይዝ ውስጥ፣ ማለትም ትርጉም የሌለው ጥርስ ጥርስ መስመር ውስጥ፣ ይገባል። አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው የመጀመሪያው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ያኔ ሽቦው ሲበጠስ የሚፈልገው የሰው እግር ነው። አሁን ከአንድ ጫፍ ተቀምጦ ብልሽቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ማወቅ ይቻላል።

ዋጋዋ በዶላር ሲታሰብ ጥቂት መቶ ነው። ትልልቆቹ ብዙ ሺህ ስለሆኑ በደመወዝ የሚኖር ሰው አያስባቸውም።

ሳጥኗ ላይ 100 ኪሎ ሜትር እንደምትለካ ተጽፏል፤ አትመኑት። ዳይናሚክ ሬንጇ፣ ማለትም ብርሃኑ ምን ያህል ቢዳከም ልታየው እንደምትችል፣ 24 ዲቢ (ዲሲቤል) ነው። ጥሩ ፋይበር በ1550 ናኖ ሜትር ሞገድ በኪሎ ሜትር 0.2 ዲቢ ገደማ ስለሚያጠፋ ወረቀት ላይ ሒሳቡ ይሞላል፣ ሳይት ላይ ግን አይሞላም። ያ 24 ዲቢ የሚገኘው በረጅሙ ምት ነውና፣ የ20 ማይክሮ ሰከንድ ምት ደግሞ ፋይበሩ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ያደበዝዛል። ከድሬ በደንገጎ ሽቅብ ሐረር የሚደርስ መስመር፣ ማለትም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ላይ ሞክሬያታለሁ። ጫፉን ታሳያለች። መሐል ያሉትን ስፕላይሶች ግን አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቷት አንድ ላይ ታንጠፋቸዋለች። ድሬ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ባለ አጭር መስመር ላይ ግን የ10 ናኖ ሰከንድ ምት ስትሰጧት በሜትር ደረጃ ትለያለች፤ እዚህ ላይ እንከን አይወጣላትም።

ስፕላይሰር ለሥራው አይግዛት ያልኩት ለዚህ ነው። እሱ እያንዳንዱ ስፕላይስ 0.05 ይሁን 0.1 ዲቢ ማወቅ አለበት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፦ ፋይበሩ እውነት አለ? የተባለውን ያህል ይረዝማል? የታመመ ቦታ አለው? ለነዚህ ትበቃለች።

ገንዘቤን ያስመለሰችልኝ ደግሞ በዚህ ነው። አንድ ኮንትራክተር የ48 ኮር (ባለ 48 ፋይበር) ኬብል ውጤት ለርክክብ አመጣ። ሁሉም አምሮበታል። ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ አንዱን ትሬስ በሌላው ላይ ደረብኩት። ኬብሉ ውስጥ ፋይበሮቹን በቀለም ለይተው ከያዙት ቱቦዎች የአረንጓዴው አሥራ ሁለቱም ፋይበር አንድ ላይ ገጠመ። መስመሩ ቢቀራረብ አይገርምም፣ ኬብሉ አንድ ነውና። የገረመኝ ከኬብሉ ጫፍ በኋላ ያለው ኖይዝ ነው። ኖይዝ በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር ነው፤ ያንኑ ፋይበር ሁለት ጊዜ ብትለኩት እንኳ አይደገምም። እዚህ ግን ጥርስ በጥርስ አንድ ነው። አንዱን ፋይል ገልብጠው ቁጥሩን ብቻ ቀይረውታል ማለት ነው።

ማሽኗን ይዤ ወረድኩ። በ1310 ናኖ ሜትር ሞገድ ስለካ ንጹሕ ነው፤ በ1550 ስለካ አንዱ ክሎዠር (ስፕላይሶቹ የሚቀመጡበት ዝግ ሳጥን) ላይ ትልቅ ደረጃ ወጣ፣ ያውም በዚያ ቱቦ ፋይበሮች ላይ ብቻ። ይሄ የታወቀ ምልክት ነው፤ የተጣመመ ፋይበር በረጅሙ ሞገድ ላይ ነው ብርሃን የሚያፈሰው። ክሎዠሩ ሲከፈት አረንጓዴው ቱቦ ስፕላይሶቹ የሚደረደሩበት ትሪ መግቢያ ላይ ታጥፎ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታንቋል። አንዱ ልጅ በመቁረጫ ቀጭ አድርጎ ማሰሪያውን ሲቆርጠው ደረጃው ስክሪኑ ላይ ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። አሥራ ሁለት ፋይል ገልብጦ ስም ከመቀየር ይሄ አይቀልም ነበር?

ከዚህ ተነስቼ የምመክረው፣ ስትገዙ 1310 እና 1550 ሁለቱንም የምትለካ፣ ውጤቱንም በኤስኦአር ፋይል፣ ማለትም ትሬሱን ከነልኬቱ በሚይዘው የኦቲዲአር ፋይል፣ የምታስቀምጥ ትሁን። ባለ አንድ ሞገዷ በጥቂቱ ትረክሳለች፤ የኔን ክሎዠር ግን አታገኘውም ነበር። ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ብቻ የምታወጣውም ትቅርባችሁ፣ ፒዲኤፍ ተደርቦ አይመረመርም።

ሌላው ርዝመት ነው። ርቀቱ የሚሰላው በመስታወቱ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃን መስታወቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘገይ በሚናገረው ቁጥር፣ ነው፤ ለተለመደው ፋይበር 1.468 ገደማ። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ 1.460 ቢያስገባ 10 ኪሎ ሜትሩ በ55 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክፍያ በሜትር በሚታሰብበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ኮንትራክተሩ ውጤት ሲያመጣ መጀመሪያ የማየው ይህችን ቁጥር ነው። ከዚያ በራሴ እለካና ኬብሉ ልባስ ላይ በየሜትሩ ከታተመው ቁጥር ጋር አመሳክራለሁ። ፋይበሩ ቱቦው ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከልባሱ ትንሽ መርዘም አለበት። አጥሮ ከተገኘ ማንሆሉ ውስጥ ተጠቅልሎ መቀመጥ የነበረበትን ትርፍ ኬብል አንድ ሰው በልቶታል።

አሁን ወደ ጉድለቷ። ሙቀት አትችልም። መመሪያዋ እስከ 50 ዲግሪ ይላል፤ የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሰኔ ላይ ጥላ ሥር 35 ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይማ አይወራ። ሁለቴ ሳታስጠነቅቅ ጠፍታብኛለች። ስክሪኗ በቀትር አይታይም፤ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ነጠላዬን ተከናንቤ አያታለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ይስቅ። ስለዚህ ልኬቴን ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አቧራ ሲያነሳ ኮኔክተር መክፈትም አይመከርም። አንዲት ብናኝ ገብታ ትሬሱን ከመነሻው ታበላሸዋለች፣ አልኮልና ማጽጃ ከሌለ ቀኑ አለቀ። አብራ የምትመጣው ቀይ መብራት፣ ስብራት የምታሳየው፣ ቀን ላይ እዚህ ከተማ ጌጥ ናት፤ ሲመሽ ትጠቅማለች። ቻርጅ መሰኪያዋ ሲላላ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ያሉ የስልክ ጠጋኞች አበጁልኝ። የብርሃኑ መውጫ ቢበላሽ ግን እዚህ የሚነካው አላገኘሁም።

የማታየውንም ልንገራችሁ፣ ብዙ ወጣት ኢንስፔክተር ማሽን ሲይዝ ጉድጓድ መውረድ ይተዋልና። ኦቲዲአር ጥልቀት አታይም። ኬብሉ 1.20 ሜትር መቀበር ሲገባው ግማሽ ሜትር ላይ ቢጋደምም ትሬሱ ቆንጆ ነው። ከሥሩ አሸዋ መነጠፉን፣ ከላዩ ማስጠንቀቂያ ሪባኑ መዘርጋቱን፣ ሙሌቱ ውስጥ ድንጋይ መጣሉን አታውቅም። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አጠገብ ስንሠራ ፎርማኑ አፈሩን ሊመልስ ቸኩሎ፣

«አቦ ኢንጂነር፣ ምን ታስቸግሪናለሽ? ማሽንሽ አሳለፈው አይደል?»

«ብርሃኑን ነው ያሳለፈችው፣ ጎርፉን አይደለም» አልኩትና የሜትር ዘንጌን ሰደድኩ። ጎደለ። እንደገና ቆፈሩ፣ ምሳቸውም ዘገየ፣ ብዙ ተሰደብኩ። ግን የሐምሌ 1998ን የጎርፍ ሌሊት እዚህ ከተማ ማን ይረሳዋል? ከ250 በላይ ሰው የበላው ያ ደረቅ አሸዋ ነው። ውኃው ሲመጣ አሸዋውን ጠርጎ ይሄዳል፤ ጥልቀት የተሰረቀበት ኬብል በአንድ ክረምት ራቁቱን ይቀራል። ለዚህ ሥራ መሣሪያው ከአናጢ የምታሠሩት ምልክት ያለው ዘንግ ነው።

ከአንድ ጎን ብቻ በመለካትም አትርኩ። ሁለት የተለያየ ፋይበር ሲገናኝ ከአንዱ በኩል ስፕላይሱ ብርሃን የጨመረ ይመስላል። አንድ ልጅ «ይኸው፣ ጨምሮልሻል እንጂ አልቀነሰም» ብሎኝ ሳቅን፤ መስታወት ብርሃን አይወልድም። ከወዲያም ከወዲህም ለክቶ አማካዩን መውሰድ ነው፣ ማለትም ሐረር ሸዋ በር ድረስ ወጥቶ እንደገና መለካት። ደግነቱ ትንሽ ናት፣ በትከሻ ቦርሳ ሚኒባስ ትሳፈራለች፤ ትልቁን ይዞ ዳገቱን መውጣት ግን መኪና ይጠይቃል። ደግሞ ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል እዚያ ጠፍታብኝ አታውቅም።

ልትገዙ ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ላውንች ኬብል (በማሽኗና በሚለካው ፋይበር መሐል የሚገባ ረጅም ፋይበር) አብሮ አይመጣም። ያለሱ የመጀመሪያው ኮኔክተር ማሽኗ በምትታወርበት ርቀት ውስጥ ስለሚወድቅ አይለካም፤ 500 ሜትር የተጠቀለለበት ሳጥን ለብቻው ግዙ። ሁለተኛ፣ መውጫዋ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ ኮኔክተር የሚቀበል አረጋግጡ። የኔዋ ሰማያዊ ናት፣ እዚህ ያገኘኋቸው ኦዲኤፎች (ፋይበሮቹ የሚሰኩባቸው ማከፋፈያዎች) ብዙዎቹ አረንጓዴ ናቸው። አረንጓዴው ፊቱ ስላጋደለ ከሰማያዊው ጋር በግድ ሲገጠም መስታወቱ ይጎዳል። አንድ ጫፉ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ የሆነ ፓች ኮርድ (አጭር ማገናኛ ገመድ) ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል፣ አንዱን ስፕላይሰሮቹ ተውሰው አይመልሱትም።