ውጭ ለሚያድር ፈረስ የክረምት መኖ፦ ድርቆሽ ወይስ ጭድ ከፉርሽካ ጋር?

ክረምቱን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ስመልስ ከረምኩ። «ድርቆሽ አልቀመስ አለ፤ ለፈረሱ ጭድና ፉርሽካ ብቻ ብሰጠው ምን ይሆናል?» አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ሣሩም እየታጨደ ነው። የሚቀጥለው ክረምት የሚታሰበው ዛሬ ስለሆነ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ።

እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ፈረሳችን ዳማ ቀን ጋሪ ይጎትታል፣ ማታ ግቢ ውስጥ ባህር ዛፉ ሥር ያድራል። ጣሪያ የለውም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ጀርባው ላይ ሲወርድ ያነጋል። እንደሱ ላለ ፈረስ የኔ ምርጫ ድርቆሽ ነው። የጤፍ ጭድ መደጎሚያ ይሁን። ፉርሽካውን ለላም ተዉት።

ከዋጋው እንጀምር። የኛ አገር ፈረስ ክብደቱ ከ250 ኪሎ ብዙም አይርቅም፤ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 10 ጳጉሜን ጨምሮ 105 ቀን ነው፤ 525 ኪሎ ማለት ነው። ሻጩ አንዱን እስር 15 ኪሎ ነው ይላል፣ እኔ ስመዝነው 12 ነው የሚወጣው። ስለዚህ 44 እስር ያስፈልጋል። አምና ጥቅምት ላይ እስሩን በ220 ብር አገኘሁት፤ ድምሩ 9,680 ብር። ሐምሌ ላይ ያው እስር 400 ገባ፤ 17,600 ብር። ለአንድ ፈረስ የ7,920 ብር ልዩነት!

ጭድና ፉርሽካ ይረክሳል የሚባለው ሐምሌ ላይ ሆኖ ሲሰላ ነው። 4 ኪሎ ጭድ በ15 ብር ሒሳብ 60 ብር። ጭድ ብቻውን ጉልበት ስለማይሆን ኪሎ ተኩል ፉርሽካ በ32 ብር ጨምሩበት፣ 48 ብር። በቀን 108 ብር መጣ። የጥቅምቱ ድርቆሽ ግን በቀን 92 ብር ገደማ ነው። የናንተ ገበያ ከኔ ይለይ ይሆናል፤ ብቻ በእስርና በማዳበሪያ ሳይሆን በኪሎ አስሉት።

«ክረምት እኮ ሣር ሞልቷል» የሚለኝም አለ። የት? ማሳው ተዘርቷል፣ ሜዳው ለአጨዳ ተከልሏል። የሚተርፈው ረግረጉ ነው፤ እዚያ ደግሞ አልቅቱም የሆድ ትሉም አለ። ለጋው ሣር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጋሪ ለሚጎትት ፈረስ ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። ካቻምና እጄ ላይ ብር ስላልነበረ ሳልገዛ ቆየሁና ነሐሴ ላይ ከአንድ ነጋዴ 10 እስር በጥድፊያ ወሰድኩ። ላዩ ቢጫ፣ ደረቅ፣ ምንም አይልም። ቤት ወስጄ የመጀመሪያውን ሲባጎ ስቆርጠው ከመሀሉ ነጭ አቧራ ቡን አለ፤ እጄን ባስገባ ለብ ይላል። ከውስጥ ጠቁሯል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሽታው የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጡብ የሚያክል ድንጋይም ወጣለት። ድንጋዩ የሚዛን ነገር ነው፣ እሺ። እኔ ግን ጥቁሩን እየለየሁ ቢጫውን ለዳማ ሰጠሁት። ብሬ አንጀቴን በልቶኝ ነው ያን ያደረግኩት። ሌሊት ላይ ቁርጠት ያዘው። መሬት ይጭራል፣ ዞሮ ሽንጡን ያያል፣ ይተኛል፣ ይንከባለላል፣ ተነስቶ እንደገና ይተኛል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የበላው መጥፎ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ሐኪም እስኪመጣ በዝናብ ውስጥ ይዤው ስዞር ነጋ። ተረፈልኝ። ለሕክምናው የከፈልኩት ግን ከ10ሩ እስር ዋጋ በለጠ፣ አምስት ቀንም ጋሪው ቆመ።

ስለዚህ ሳትከፍሉ አንድ እስር አስፈቱ። ሻጩ እንቢ ካለ ሂዱ። እጃችሁን መሀል አስገቡ፣ አሽትቱ፣ አራግፉት። አረንጓዴነቱ ጨርሶ ያልጠፋና ቅጠሉ ያለው ይሻላል፤ አገዳ ብቻ የሆነው ዘሩ ረግፎ ያለቀ ሣር ነው። የእጅ ሚዛንም ያዙ።

ፉርሽካን ለምን እንደጠላሁት ልንገራችሁ። ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ትንሽ ነው። ፈረስ ለወራት እሱን በብዛት ሲበላ ሰውነቱ ካልሲየም ከአጥንቱ መሳብ ይጀምራል፤ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ ማነከስ ይመጣል። በዚያ ላይ ባዕድ ነገር ለመቀላቀል እንደ ፉርሽካ የሚመች የለም። አንድ ጊዜ የገዛሁትን ውሃ ላይ ብበትነው ታች አሸዋ ቀረ። ጭብጥ ጭብጥ አድርጎ ማላመጃ መስጠት አይጎዳም፣ ዋና መኖ ማድረግ ግን አይሆንም። ጉልበት ከፈለጋችሁ የተከካ ገብስ አለ። በኪሎ 70 ብር ነው የገዛሁት፣ ውድ ነው፤ እኔ ጋሪ በሚወጣበት ቀን ብቻ አንድ ኪሎውን ጠዋትና ማታ ከፍዬ እሰጠዋለሁ።

የጤፍ ጭድ ልስልስ ስለሆነ ከድርቆሹ አንድ ሦስተኛውን ሊተካ ይችላል። የስንዴ ገለባ ግን ሻካራ ነው፣ ውሃ በደንብ ካልጠጣ አንጀቱ ውስጥ ይቋጠራል።

ውጭ ለሚያድር ፈረስ ደግሞ ድርቆሽ ማሞቂያውም ነው። ሣሩ ትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ስለዚህ ብርድ በጠና ቀን ማታ የምጨምርለት ድርቆሽ ነው፣ እህል አይደለም። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭም እንደዚያው አደርጋለሁ። መክሳቱን በዓይን አትፍረዱ፤ የብርድ ጊዜ ጸጉሩ ይሸፍነዋል። እጃችሁን ጎድኑ ላይ አሳርፉ። አጥንቱን እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር ከቆጠራችሁ ጨምሩለት።

በአንዴ 9,680 ብር ከየት ይመጣል ላላችሁኝ፣ ዘንድሮ እኛ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር አንድ አይሱዙ ተካፍለን አስጫንን፤ የመጫኛው ለሦስት ሲከፈል ቀለለ። እስሩን መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ረብርበን ደረደርነው፣ ከላይ ሸራ አለበስነው፣ ጎኑን ነፋስ እንዲያገኘው ክፍት ተውነው። በሳምንቱ እጄን መሀል ከትቼ አየሁት። አንዱ ጥግ ሞቅ ብሎ ስላገኘሁት አምስቱን እስር አውጥተን ፀሐይ ላይ በተንነው።